የሥዕል ፊልም ከልጆች ጋራ ስለ ማየት



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ በየወሩ ስንነጋገር ቈይተናል። ከወላጆች ዘንድ ደጋግሞ ከሚደርሰን ጥያቄ አንዱ፥ «ልጆቻችን ፊልም ቢያዩ ይጐዳቸዋልን? ወይስ ይጠቅማቸዋል?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹን ስንመለከት በሁለት ወገን ቆመው እናገኛቸዋለን። አንደኛው ወገን ፊልም የተባለውን ሁሉ በአንድ ቃል አውግዞ ከደጁ የሚያባርር ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጁ እንዳያስቸግረው ስልኩን ሰጥቶት ወደ ሥራው የሚሄድ፥ ልጁ ምን እንዳየና ከማን ጋራ እንዳየ የማይጠይቅ ነው። እንደሚመስለን ሁለቱም ልጁን ብቻውን ትተውታል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሦስተኛው መንገድ፥ ይኸውም መልካም ሆኖ የተሠራን የሥዕል ፊልም ቤተ ሰብ በአንድነት ተቀምጦ ስለ ማየትና በእርሱም ስለ መደሰት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። የሥዕል ፊልም ስንል ልጆች ካርቱን፥ ባለሙያዎቹም አኒሜሽን የሚሉትን ማለታችን ነው።

አባቶቻችን ፊልምን የፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ነፍስ የሌለው ሰው በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሮጥ፥ ሲስቅና ሲታገል ላየ ሰው ይህ ስም የሚያስቅ አይደለም። ዛሬም በቆቦና በአካባቢዋ ያሉ አዛውንት ስለ ፊልም ሲጠየቁ ያንኑ ስም ባይጠሩትም ያንኑ ፍርሃት ይናገራሉ። የቪዲዮ ቤቶች በየከተማው በተስፋፉ ጊዜ በውስጣቸው ይታይ የነበረውን ደም ማፍሰስና ነውር ያስታወሰ ሰው፥ ሽማግሌዎቹን በከንቱ ፈሩ ብሎ ሊወቅሳቸው አይችልም።

ይሁን እንጂ ሥዕል ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችን የኦሪቱንና የወንጌሉን ታሪክ ያጠኑት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። በሰሜን ወሎ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን፥ በዐፄ ይኵኖ አምላክ ዘመን እንደ ተሣለ የሚነገርለትንም የገነተ ማርያምን ግድግዳ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሠዓሊው ታሪኩን ከፍሎ፥ አንዱን ክፍል ከሌላው አጠገብ አድርጎ ይሥላል፤ ተመልካቹም ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ዓይኑን እያዛወረ ታሪኩን በልቡ ያስኬደዋል። የሥዕል ፊልም ሠሪ የሚያደርገው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ የእርሱ ሥዕሎች እጅግ የበዙ መሆናቸውና በየተራ በፍጥነት ከዓይናችን ፊት ማለፋቸው ነው።

ምን ያህል እንደሚበዙ ለተማሪዎቻችን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አስልተን አሳይተናቸው ነበር። በሲኒማ መጋረጃ ላይ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎች ያልፋሉ። የዘጠና ደቂቃ ፊልም 5,400 ሰኮንድ ነው። ሁለቱን ስናባዛ 129,600 ይሆናል። ምንም እንኳ ሠሪዎቹ አንዱን ሥዕል ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ በማንሣት ድካማቸውን ቢያቀልሉም፥ የሚቀረው ከስድሳ ሺህ በላይ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ከዚያም በየደብተራቸው ጥግ ላይ አንድ የማሽላ አገዳና አንዲት ግሪሳ ወፍ፥ በእያንዳንዱ ገጽ ጥቂት ጥቂት ቦታ እያስለወጡ እንዲሥሉ አዘዝናቸው። ገጹን በአውራ ጣት ፈጥነው ሲገልጡት ወፏ ከአገዳው ላይ ተነሥታ በረረች። ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ግሪሳ የሚጠብቁ የራያ ልጆች፥ የራሳቸው ወፍ በደብተራቸው ጥግ ስትበር ባዩ ጊዜ የነበረውን ጩኸት የጎረቤት ክፍል መምህራን እስከ ዛሬ ያነሡብናል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ራሱ ትዕግሥትን የሚያስተምር ነው። ሎተ ራይኒገር የተባለች ጀርመናዊት ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቈረጠች፥ የቈረጠችውንም ምስል በጣቷ ጥቂት ጥቂት እያንቀሳቀሰች፥ ሦስት ዓመት ያህል ደክማ፥ እ.ኤ.አ. በ1926 «የልዑል አሕመድ ገድል» የተባለውን ፊልም አወጣች። እስከ ዛሬ ሳይጠፉ ከቈዩት ረጃጅም የሥዕል ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1937፥ በአሜሪካ ዋልት ዲዝኒ «በረዶ ነጭና ሰባቱ ድንኮች» የተባለውን ፊልም አሳየ። ብዙዎች ሰው ሥዕል እያየ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥም ብለው ነበር፤ ነገር ግን ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ተቀምጠው አለቀሱ፥ ሳቁም።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ ከምንመርጣቸው ፊልሞች አንዱን በስም እናነሣለን። «የግብፅ ልዑል» ይባላል፤ ድሪምወርክስ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 የወጣ፥ ርዝመቱም 99 ደቂቃ የሆነ ነው። ከሦስቱ አዘጋጆቹ አንዷ ብሬንዳ ቻፕማን ስትሆን፥ በትልልቆቹ የአሜሪካ ፊልም ድርጅቶች ረጅም የሥዕል ፊልም በማዘጋጀት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ታሪኩ የሙሴ ነው፤ ከደንገሉ ሣጥን ጀምሮ እስከ ባሕረ ኤርትራ መከፈል፥ በመጨረሻም እስከ ጽላቱ ድረስ ይሄዳል። በመክፈቻው የሙሴ እናት ሕፃኗን በወንዝ ዳር አስቀምጣ ስታንጐራጕርለት እንሰማለን፤ ድምፁ የዖፍራ ሐዛ ሲሆን፥ ይህችው ዘማሪ ፊልሙ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሲመለስ የዚያኑ እናት መዝሙር በየቋንቋው አዚማዋለች። ከመዝሙሮቹም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የኦስካርን ሽልማት አግኝቷል።

በዚህ ፊልም ውስጥ እኛን እጅግ ያስደነቀን አንድ ክፍል አለ። ሙሴ የማን ልጅ እንደ ሆነ ከሰማ በኋላ በሕልሙ የግብፅ የግድግዳ ሥዕሎች ሲንቀሳቀሱ ያያል፤ እርሱም ራሱ እንደ እነርሱ የግድግዳ ሥዕል ሆኖ በመካከላቸው ይሮጣል። ከእንቅልፉ ነቅቶ መብራት ይዞ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ አጠገብ ሲሄድ፥ ያደገበት ቤት ግድግዳ ሕፃናት ወደ ወንዝ ሲጣሉ የሚያሳይ ሥዕል ተሥሎበት ያገኛል። ያን ሥዕል ከዚያ በፊት ሺህ ጊዜ አልፎት ሳይሆን አይቀርም፤ ያየው ግን በዚያች ሌሊት ነው። በሥዕል መማር ምን ማለት እንደ ሆነ ይህን ያህል አሳጥሮ የሚናገር ሌላ ፊልም አላጋጠመንም።

መጽሐፍን ከፊልም ጋራ የሚያስተያይ ወላጅ ልዩነት ማግኘቱ አይቀርም። በኦሪት ዘፀአት ሙሴን ከውኃ ያነሣችው የፈርዖን ልጅ ስትሆን በፊልሙ የፈርዖን ሚስት ናት። አሮን በመጽሐፉ የሙሴ አፍ ሆኖ ሲናገር በፊልሙ ብዙ ሥራ አልተሰጠውም። ሙሴ የገደለው ግብፃዊም በፊልሙ የሞተው ሙሴ ሳያስብ ገፍቶት ከከፍታ ወድቆ ነው። ሠሪዎቹ ታሪኩን በአንዳንድ ስፍራ እንደ ለወጡ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ጽፈው አስታውቀዋል። ይህ ልዩነት ፊልሙን ለመጣል ምክንያት ነው አንልም፤ መጽሐፉን ለመግለጥ ግን እጅግ መልካም ምክንያት ነው። በቤታችን ከፊልሙ በኋላ ልጆቹ ስሕተት ፍለጋ ኦሪትን እየተሻሙ አንብበዋል፤ ከዚያ ቀደም ስንለምናቸው እንኳ እንዲህ አላነበቡም።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ይህንኑ ፊልም ለቆቦ ልጆች ለማሳየት አሰብን። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። ስለዚህ በአንድ አዳራሽ መስኮቶቹን በማዳበሪያ ሸፍነን፥ ነጭ አንሶላ ወጥረን፥ ፕሮጀክተር ተውሰን፥ መብራት ቢጠፋ ብለንም ጀነሬተር በደጅ አቁመን፥ እሑድ ከቀትር በኋላ ልጆችና ወላጆች እንዲመጡ ነገርን። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለ ሆነም ባለፈ ባለፈ ስፍራ ፊልሙን እያቆምን በአማርኛ የምንተረጕም እኛ ሆንን።

አስቀድሞ ግን አንዲት እናት መጥታ አነጋገረችን። «የኔታ፥» አለች፥ «ወታደር ከእናት ጉያ ሕፃን ሲነጥቅ የሚታይበት ነው አሉኝ። የኔ ልጅ ያየው አይበቃውም?» ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ቀላል ይሆናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቆቦ የጦርነትን ድምፅ ያልሰማ ሕፃን የለምና፥ እዚህ ግን ቀላል አይደለም። እኛም ፊልሙን አስቀድመን ሁለት ጊዜ አይተነው ስለ ነበር ያለውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናት፤ ያ ክፍል በመክፈቻው እንዳለ፥ አጭር እንደ ሆነ፥ ደም እንደማይታይበት፥ ነገር ግን የእናቶች ጩኸት እንደሚሰማበት። ልጇን ይዛ ከበሩ አጠገብ እንድትቀመጥ፥ በወደደችም ጊዜ ይዛው እንድትወጣ ተስማማን። ከሰባት ዓመት በታች ያሉትንም ያ ክፍል እስኪያልፍ ድረስ በደጅ አቈይተን ኋላ አስገባናቸው።

ፊልሙ ሲጀመር አዳራሹ ዝም አለ። ልጆቹ በሠረገላው እሽቅድድም ጊዜ ተነሥተው ጮኹ፤ ግመሎቹን ባዩ ጊዜ ግን የቆቦን የግመል ገበያ የሚያውቁ ናቸውና አረማመዳቸው ትክክል ነው አይደለም ብለው ተከራከሩ። በፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ካህን ነበሩ። እንዲመጡ ስንለምናቸው ከንፈራቸውን መጠው ነበር፤ እንደ መጡም ፊታቸውን ሳይፈቱ ተቀመጡ። ዕፀ ጳጦስ ሳትቃጠል ስትነድ ሲያዩ ግን ከወንበራቸው ተነሡ። ሙሴም እንዲያወልቅ ታዝዞ ጫማውን ባወለቀ ጊዜ ወደ ልጆቹ ዘወር ብለው፥ «አያችሁ? ስለምን ጫማችንን በደጅ እንደምንተው አያችሁ?» አሉ። እኛ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የተናገርነው ያን ያህል ወደ ልጆቹ ልብ አልገባም ነበር።

የበለጠው ነገር የመጣው በመጨረሻ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሙሴና ራምሴስ እንደ ወንድማማች አብረው ያደጉ ናቸው። ባሕሩ በሠራዊቱ ላይ ከተከደነ በኋላ ራምሴስ ብቻውን በአንድ ድንጋይ ላይ ቀርቶ የሙሴን ስም እየጠራ ሲጮኽ ይታያል። የዚያች እናት ልጅ፥ በዓመቱ ውስጥ በክፍል እጅግ ጥቂት ቃል የተናገረ ልጅ፥ እጁን አንሥቶ፥ «የኔታ፥ ማን ይወስደዋል?» ሲል ጠየቀን። ሌላው ልጅ ፈጥኖ፥ «ጠላት አይደለም እንዴ? ይቅር እዚያው!» ብሎ መለሰለት። አዳራሹም ለሁለት ተከፈለ።

ስለዚህ ጉዳይ ምን ተባለ? አዛውንቱ ካህን ፈርዖን ከነሠራዊቱ መስጠሙን በዳዊት መዝሙር እንደምንጸልይ አስታወሱ፤ ፊልሙ በዚህ ከመጽሐፉ ይለያል አሉ። ቀጥለውም፥ «ነገር ግን ልጄ፥ ማን ይወስደዋል ብለህ መጠየቅህ መልካም ነው፤ ሙሴም ዘወር ብሎ አይቶት አዘነ እንጂ አልሳቀበትም፤» አሉት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። እኛ በዚያ ላይ ምንም አልጨመርንም። ፊልሙ የልጁን ቍስል ፈወሰ አንልም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ እሑድ የሚያደርግ ፊልም የለም። ነገር ግን በልቡ ተዘግቶ የኖረ አንድ ጥያቄ በእናቱ፥ በአስተማሪውና በካህኑ ፊት ወጣ፤ የወጣውም ፊልሙን ብቻውን በስልክ ሳይሆን ከእኛ ጋራ ስላየው ነው። እናቲቱም ስትወጣ፥ «ሌላስ መቼ ታሳያላችሁ?» አለችን።

ሌላ ለሚሹ ቤተ ሰቦች «ኪሪኩና ጠንቋይዋ» የተባለውን እንጠቅሳለን። በልጅነቱ በጊኒ ያደገው ፈረንሳዊ ሚሼል ኦስሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው፥ በምዕራብ አፍሪካ ተረት ላይ የተመሠረተ፥ ዜማውም የሴኔጋላዊው የዩሱ ንዱር የሆነ ፊልም ነው። ትንሹ ኪሪኩ ጠንቋይዋ ስለምን ክፉ ሆነች ብሎ ይጠይቃል፤ በጀርባዋ የተሰካ እሾህ እንደሚያሠቃያት ሲያውቅም እሾኹን ይነቅልላታል። በዚህ ፊልም ሴቶቹ እንደ ጥንቱ የመንደር ልማድ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን፥ ትንሹ ኪሪኩም ምንም ሳይለብስ ተሥለዋልና፥ ወላጅ ይህን አስቀድሞ አውቆ ይወስን።

በአገራችንም ምስል ከልጆች ጋራ የተነጋገረበት ታሪክ አለ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አባባ ተስፋዬ፥ ማለትም አርቲስት ተስፋዬ ሣህሉ፥ ለአርባ ዓመት ያህል ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ ያረፉት በ2009 ዓ.ም. ነው። አንዲት መምህርት፥ ብሩክታዊት ጥጋቡ፥ ከባለቤቷ ጋራ ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት አቀረበች። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ በካልሲ ከተሠራ አሻንጕሊት ተነሥታ የብዙ ሕፃናት ጓደኛ ሆናለች። ዝግጅቱም እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ለሽልማት በቅቷል። በትንሽ ገንዘብና በብዙ ትዕግሥት ምን ሊሠራ እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን። የራያ ተረትም ሠዓሊውን እየጠበቀ ነው። የዞብል ተራራ፥ የጎሊና ወንዝ ሙላት፥ በነሐሴ የሶለል ልጃገረዶች ከበሮ፥ የማሽላው ማማና ግሪሳው፥ ይህ ሁሉ ለመሣል የተዘጋጀ ነው። ደብተሩ ጥግ ላይ ወፍ ካበረሩት ልጆች አንዱ ወይም አንዲቱ አንድ ቀን ይህን ሥራ ትሠራው ይሆናል።

ለቤተ ሰብ የምንመክረው እንግዲህ ጥቂት ነው። ፊልሙን ለልጆች ከማሳየታችሁ አስቀድሞ ራሳችሁ እዩት፤ የሌላ ሰው ምስክርነት አይበቃም። ስታሳዩም አብራችሁ ተቀመጡ፤ ልጅ የሚፈራው ጨለማውን ሳይሆን በጨለማው ውስጥ ብቻውን መሆኑን ነው። ቀኑን ሙሉ ፊልም ከማስከተል አንዱን መልካም ፊልም አይቶ ሳምንቱን ሙሉ ማውራት ይሻላል። የሚያስደነግጥ ክፍል ያለበትን በመኝታ ሰዓት አታሳዩ። በጾም ወራት ስለ ማየትና አለማየት እያንዳንዱ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ከዚህም ጋራ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጆች በሳቁ ቍጥር «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» እያልን አናስጨንቃቸው። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» ሲባሉ፥ ልጆቹን ደስ ማሰኘታቸው ራሱ በቂ ሥራ ነበር፤ ምክሩ ኋላ በጊዜው ይበቅላል። መልካም ሆኖ የተሠራ ሥዕል፥ መልካም ሆኖ የተዜመ ዜማ፥ አባትና ልጅ በአንድ ጊዜ የሳቁት ሳቅ፥ እነዚህ ራሳቸው ለቤት በረከት ናቸው። ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል፤ የልጁ ልብ መልካሙን መፍረድ እንዲለምድ ደግሞ ዓይኑ መልካም ሥራ ማየት አለበት፤ እኛም ከአጠገቡ መታጣት የለብንም።

በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ሰላመ እግዚአብሔር ከቤታችሁ አይለይ።